በአባቴ ራዲዮ ውስጥ ያገኘሁት ነጭ ዱቄት

ረቡዕ

አባዬ አፋቸውን አላሳይም አሉኝ። የከንፈራቸው ዳርና ዳር ተልጧል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ቆዳው ነጣ ብሎ ተቀርፏል። እጃቸውን ልስም ስል ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ሳቡት። ምን ሆነው ነው ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ «ድንጋይ ነከስኩ» አሉ።

ድንጋይ የነከሰ ሰው ጥርሱን ነው የሚያመው። ከንፈር ምን አገባው? ጣትስ?

የመጣሁት ወሬ ሰምቼ ነው። ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ አንዲት የመንደራቸው ሴት አገኘችኝ። የኔታ ድምፃቸው ታፍኗል፣ የቅኔ ተማሪዎቻቸውንም አሰናብተዋል አለችኝ። ልትሄድ ስትል ደግሞ ዞር ብላ፣ ሚስትየዋ ሰው ወደሳቸው አታስጠጋም ብላ ጨመረች። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ሆዴ ገብታ አልወጣ አለች። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያላለቀ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኛል። ቢሆንም ለጓደኛዬ አስረክቤ ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከቡሬ በባጃጅ፣ ባጃጁ ከቆመበት ደግሞ በእግር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአፋቸው የኖሩ ሰው። የዓይን ሞራ ከያዛቸው ወዲህ ማንበቡ ቀረ፤ የቀራቸው ድምፃቸውና ራዲዮናቸው ነው። አሁን ድምፁም የለም። ራዲዮኑም ከመደቡ ላይ የለም።

ራዲዮኑ የት ሄደ ብዬ ሚስታቸውን ጠየቅኳት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ያገቧት ናት። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ፊት ለፊት እትዬ ጥሩ፣ አንቱ እላታለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን ማንም አያየኝምና «እሷ» ናት። ተበላሽቷል አለችኝ፤ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ከመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሯል። የተበላሸ ራዲዮ ማን ይሰርቀዋል ብላ ነው የምትቆልፍበት?

ከአባዬ ጋር ብቻዬን ልቀመጥ ብዬ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሞከርኩ። እኔ ስቀመጥ ትቀመጣለች። እኔ ስነሳ ትነሳለች። እጃቸውን ራሷ አስታጠበቻቸውና እጣቢውን ይዛ ከአጥሩ ውጪ ድረስ ሄዳ ደፋችው። እጣቢ እኮ ደጃፍ ነው የሚደፋ።

እራት ቀረበ። ደክሞኛል ብዬ ከፍኖተ ሰላም የያዝኩትን ዳቦ በላሁ። ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ ለራሴም ጮክ ብዬ መናገር አልፈልግም።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ቀላል አልነበረም። እሷ እየተሻላቸው ነው አለች፤ አባዬም እየተሻለኝ ነው አሉ፤ ሁለቱም በአንድ ቃል፣ እንደተማከረ ሰው። ባጃጅ ጠራሁ፤ አልሄድም ካሉ እኔም እዚሁ እቀመጣለሁ፣ ሥራዬም ይቅር ስላቸው ተነሱ። እሷም ነጠላዋን ለብሳ ተከተለች።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። አፋቸውን በስልኳ መብራት አየች። ምላሳቸውን፣ ድዳቸውን፣ ጣቶቻቸውን አገላብጣ አየች። ከዚያ የተናገረችውን አልረሳውም፦

«ይሄ ቃጠሎ ነው፣ አባቴ። የእሳት ግን አይደለም።»

ነርሷ ምን ጠጡ፣ ምን ነኩ እያለች ጠየቀች። ሳሙና መሥሪያ ሶዳ ቤት አለ ወይ? የአረም መድኃኒት በምን ዕቃ ነው የምታስቀምጡት? አባዬ ምንም አልጠጣሁም አሉ። ያን ጊዜ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ዓይናቸው በደንብ አያይም፤ ግን የት እንደቆመች ያውቃሉ። እሷ መሬት መሬት አየች። አንድ ነገር በመካከላቸው አለፈ። እኔ አየሁት፤ ነርሷም ያየችው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ እኔን ብቻ እያየች ነበርና ያወራችው።

አፋቸውን በንጹሕ ውኃ ደጋግመው እንዲጉመጠመጡ አዘዘች። ሎሚም፣ ጨውም፣ አመድም እንዳይነካው። ለጣቶቹ ቅባት ሰጠች። መዋጥ ካቃታቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው አለች።

ቤት ስንመለስ ጓዳውን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እስከማስታውሰው፦

ከጎታው ሥር አንድ የአረም መድኃኒት ጀሪካን። ክዳኑ ጠብቋል፣ አቧራ ለብሷል። ሰው የነካው አይመስልም።

የልብስ ሳሙና። እሱ በየቤቱ አለ።

ሶዳ የለም። ወይም እኔ አላገኘሁትም።

ደጅ በርበሬ ተሰጥቷል። ሰሌኑ ሞልቶ ቀይ ሆኗል። ከአንዱ ጥግ በርበሬው ገለል ተደርጎ ባዶ ቦታ ተትቷል፤ እዚያ ላይ ምን ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም። ስጠይቃት የኔታ የሚያሞቁት ነገር ነበር አለችና አፏን ያዘች። ምን ነበር ብዬ ብደግምላት ውኃ ልቀዳ ብላ እንስራዋን አነሳች።

ለወንድሜ ለአዲሱ ደወልኩ። መራዊ አጠገብ የቆጋን የመስኖ ውኃ ይዞ ድንችና ሽንኩርት ያለማል። ታላቄ ነው፤ ቶሎ ይቆጣል። ገና ቃጠሎ የሚለውን ሲሰማ ነግሬሽ አልነበረም ወይ አለኝ። ይቺ ሴት የመጣችው ለቤቱና ለመሬቱ ነው ብሎ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ሲል ነበር። እኔ ያኔ ተው፣ አባታችን ብቻቸውን ሊኖሩ ነው ወይ እለው ነበር። ዛሬ ግን ተው የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ትንሽ ቀን ስጠኝ ብቻ አልኩት።

ዓርብ



ጠዋት ቅዳሴ ይቅርብኝ ብዬ ቤት ዋልኩ። ልብስ የማጥብ መስዬ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። አባዬ ተጉመጥሙጠው ከጨረሱ በኋላ አንድ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። በጓሮ በኩል፣ ጌሾው ጥላ ሥር ጎንበስ አለች። በማጭድ ጫፍ ቆፈረች፣ ከተተች፣ አፈር መለሰች፣ በእግሯ ረገጠችው። ዙሪያዋን አይታ ገባች።

ጎረቤት ለቅሶ ልድረስ ብላ ስትወጣ ሄጄ ቆፈርኩት። ብዙም ጥልቅ አይደለም። አሮጌ ጨርቅ ነው፤ ደርቆ እንደ ቆዳ ገግሟል። በላዩ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ጨው ይመስላል፣ ጨው ግን አይደለም፤ በጣቴ ሳሸው ድቅቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጣቴን አንገበገበኝ። እርጥብ ነበር መሰለኝ እጄ። ሮጬ ታጠብኩ። እንዲያም ሆኖ እስካሁን ያሳክከኛል።

ይኸው ነው። አባዬን የላጣቸው ይኸው ነው።

ጨርቁን በሌላ ፌስታል ጠቅልዬ ከቦርሳዬ ሥር ደበቅኩት። ጉድጓዱን መለስኩት። ከዚያ ወደ ኮረብታው ወጥቼ ለአዲሱ ደወልኩ፤ መንደሩ ውስጥ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ አለ። እሷ ዕቃዋን ይዛ ትወጣለች፣ አባታችንን እኔ እወስዳቸዋለሁ፣ ሕግ የሚፈርደውን ደግሞ ሕግ ይፈርዳል። እኔ እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ።

ከኮረብታው ስወርድ ደጅ ቆማ አገኘኋት። የት ነበርሽ አላለችኝም። ምሳ ቀርቧል አለችኝ ብቻ። ጾም ነው፣ የሽሮ ወጥ ነው። አሁንም አልራበኝም አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ሰሃኑን አነሳች።

አባዬ ግን በሉ። ከእሷው እጅ፣ ለስልሶ የተፈተፈተላቸውን እንጀራ እየጎረሱ፣ አንዳንዴም «ይበቃኛል ጥሩዬ» እያሉ። መርዝ የምታበላውን ሴት ሰው እንዲህ አድርጎ ይጠራታል? ወይስ አያውቁም?

ቅዳሜ

ብዙ ነገር ሆነ። በተራ ልጻፈው።

ማለዳ እሷ ላም ስታልብ አባዬ በእጃቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጉና በዚያ በታፈነ ድምፅ ራዲዮኑን ወደ ቡሬ ወስደሽ አሠሪልኝ አሉኝ። የሳጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ነው። «ለእሷ እንዳትነግሪያት» አሉ። እሳቸውም ይፈሯታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

እሷ በርበሬ ልትገለብጥ ስትወጣ ሳጥኑን ከፈትኩ። ራዲዮኑ በፌስታል ላይ ፌስታል ተጠቅልሎ ከሥር ተቀብሯል። የኋላ ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው ያው ነጭ ዱቄት። ሽቦውም፣ ጥግ ጥጉም፣ ክዳኑም። አባዬ ራዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ጉንጫቸውን አስደግፈው ነው የሚሰሙት። እዚያ ውስጥ ነዛችበት ማለት ነው፤ እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።

ቅባት ልገዛ ነው ብዬ ጨርቁንም ራዲዮኑንም ይዤ ቡሬ ወረድኩ። መጀመሪያ ፖሊስ ልሂድ አልኩ። ግን ምን ብዬ? ስለዚህ አስቀድሜ ከመነኸሪያው ጀርባ ራዲዮና ስልክ የሚጠግን ይትባረክ የሚባል ሰው ጋ ገባሁ። ራዲዮኑን ከፍቶ ዱቄቱ ምን ውስጥ ድረስ እንደገባ እንዲያሳየኝ ፈልጌ ነው። ምስክርም ይሆነኛል ብዬ ነው።

ክዳኑን ገና ከፈት እንዳደረገ ቆመ። በእጅሽ ነካሽው ወይ አለኝ። አዎ ስለው ከደጁ ወዳለው ቧንቧ ላከኝና ውኃው እየፈሰሰ ለረጅም ጊዜ አስታጠበኝ። እሱ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ከዱቄቱ ትንሽ በቆርኪ ላይ ፋቀ። ሎሚ ቆርጦ ጠብ አደረገበት። ዱቄቱ ተንጨረጨረ፤ አረፋ ደፈቀ። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«መርዝ ነው?» አልኩት።

«ድንጋዩ ፈሶ ነው» አለኝ።

ድንጋይ የሚለው የራዲዮውን ድንጋይ ነው፤ እኛ አገር የራዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ የምንለውን። ውስጡ የሚያቃጥል ፈሳሽ አለው፤ ለሳሙና መሥሪያው ሶዳ የቅርብ ዘመድ ነው። ሲወጣና አየር ሲያገኘው ደርቆ ነጭ ዱቄት ይሆናል። እርጥብ እጅ ወይም ምራቅ ሲያገኘው ደግሞ እንደገና ያቃጥላል። ለምን ይፈሳል ስለው አራቱንም ድንጋዮች በብረት ዘንግ እየፈነቀለ አወጣና እየለካ አሳየኝ። ሁለቱ ገና ጉልበት አላቸው። ሁለቱ አልቀው የሞቱ ናቸው። አንድ ላይ ሲገቡ ጉልበት ያለው ያለቀውን እየገፋ አለቅጥ ያሠራዋል፤ ውስጡ ጋዝ ይጠራቀማል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ መድፈኛውን ሰብሮ ፈሳሹን ይዞ ይወጣል። ያለቀ ድንጋይ ራዲዮ ውስጥ ተረስቶ ሲከርምም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይብሳል። ሰዎች ይሞቅልን፣ ነፍስ ይዝራልን ብለው ፀሐይ ላይ ያወጡታል፣ እሱ ግን እየፈነዳ ነው አለኝ።

ያ በርበሬው ጥግ ያለው ባዶ ቦታ ትዝ አለኝ።

ቀጥሎ አንዱን ድንጋይ ወደ መብራቱ አስጠጋ። አገላበጠው። ሌላኛውንም አየ። «ይሄን ደግሞ ማን ነው የነከሰው?» አለ።

አየሁት። ቆርቆሮው ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ከላይም ከታችም። አንዱ ላይ በነከሱበት በኩል ተሰንጥቆ ነጩ ነገር ወጥቶበታል። የአባዬ የላይ ጥርስ መሐል ላይ ክፍት ነው፤ ምልክቱም መሐል ላይ ክፍት ነው።

ድንጋይ ነከስኩ። እውነቱን ነበር የነገሩኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሰም ለበስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው እውነቱን ሰም አልብሰው ነገሩኝ፣ እኔ ደግሞ የበርካታ ተማሪ አባት ልጅ ሆኜ ጠጠር መሰለኝ።

ይትባረክ ወንበር ሰጠኝ። ድንጋይ ሲዳከም መንከስ የድሮ ሰው ልማድ ነው፤ ሲጨመቅ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል አለኝ። የነከሰውም ሰው እንዲያ ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም። አንቺ ምን መስሎሽ ነበር ሲለኝ ሽቦዎቹ ይጸዳሉ ወይ አልኩት።

ሽቦዎቹን በሎሚ ባራሰው ጥጥ ጠረገ። በደረቅ ጨርቅ አደረቀ። ዝገቱን በስሱ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ። አንደኛው ሽቦ ተበልቶ ስለነበር ቀየረው። አራት አዲስ፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ ገዛሁ። ራዲዮኑ ሲጮህ አለቀስኩ።

ወዲያው ለአዲሱ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ። የሚስቱም ዝግ። መስኖ ላይ ሲውል ስልክ አይሞላም። መልእክት ጻፍኩለት፤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም።

እንግዲህ ልቤ ይረፍ አይደል? አላረፈም። ባጃጁ ላይ ሆኜ እንዲህ እያልኩ መጣሁ፦ ድንጋዩ መሆኑን እሷ ታውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ደበቀች? ነርሷ ስትጠይቅ ለምን መሬት አየች? ለምን ቀበረችው? ያወቀ ሰው ዝም ካለ ከመርዙ በምን ይሻላል? ቤት ስደርስ ደግሞ የተውኩት የልብስ ጥቅልሌ እኔ ባጠፍኩት አኳኋን አይደለም። ከፍታ አይታዋለች። ምን ፈልጋ?

ራዲዮኑን ከጥቅልሌ ሥር ሸሸግኩት። አሁን ሁለታችንም እየደበቅን ነው።

እሑድ

አዲሱ መልእክቴን አላየውም። ከቅዳሴ መልስ ገና ጠበል ቀምሰን ሳንጨርስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጁ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አባዬን የሚያውቁ፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ ጨዋ ሰዎች ናቸው። መንገድ ላይ ላስቆመው ወጥቼ ነበር፤ ቆይ ወንድሜ፣ የተሳሳትኩት ነገር አለ ስለው ፈርታ ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ አለፈ።

ተቀመጡ። አዲሱ ተነስቶ ተናገረ። አባታችን በገዛ ቤታቸው ተቃጥለዋል አለ። ነጭ ዱቄት ከጓሮ ተቆፍሮ ወጥቷል አለ። እህቴ በዓይኗ አይታለች አለ። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሆነ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፣ አልማለችም። አባዬን ነበር የምታያቸው።

ተነሳሁ። ዱቄቱ መርዝ አይደለም አልኩ፤ የራዲዮ ድንጋይ ነው። ይትባረክ የነገረኝን ተናገርኩ። አዲሱ በጥርጣሬ አየኝ። ድንጋይ እንዴት ሆኖ የሰው አፍ ይገባል አለ። እሷ ናት ያስገባችው? የጥርሱን ምልክት በሽማግሌ ፊት መናገር አባቴን ማዋረድ መሰለኝ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዞረው የሚሉት ካለዎት ይበሉ አሏት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

ያን ጊዜ አባዬ መደቡን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«እሷን ተዋት። አስምያት ነው» አሉ።

ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር፤ ሁሉም ወደፊት ጎንበስ ብሎ ሰማ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ራዲዮኑ ሲደክም መታገሥ እንዳቃታቸው ተናገሩ። አዲስ ድንጋይ ስትገዛላቸው ሁለቱን ያስገባሉ፣ ሁለቱን ለክፉ ቀን ያስቀምጣሉ፤ ያለቁትንም መጣል ያሳዝናቸዋል። በርበሬው አጠገብ ያሞቃሉ። ሲነኩት የሚያንሸራትት፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ነበረው፤ ላብ መስሏቸው እንደሆነ እንጃ፣ አላዩትም። ይነክሱታል። አፋቸው ሲላጥ እሷ ድንጋዩን ደበቀች፤ ፈልገው አገኙት። ራዲዮኑን ደበቀች። ያን ቀን ከፍ ዝቅ አድርገው ተናገሯት።

«ለልጆቼ እንዳትነግሪ ብዬ በታቦት አስማልኳት» አሉ። «አረጀ፣ እንደ ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል ብለው ከደብሬ ነቅለው ከተማ እንዳይወስዱኝ።»

ተቀመጡ። መሪጌታ፣ ሊቅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

አዲሱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጫማውን ማየት ነው። ከዚያ ሄዶ የአባዬን ጉልበት ሳመ። ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ሄደ፤ እሷ ግን እስኪደርስ አልጠበቀችም፣ ለእንግዶቹ ውኃ ላቅርብ ብላ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ያስታርቁን ብዬ መጠበቅ አልቻልኩም።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ዓርብ ጨርቁን ስታወጪው ከለቅሶ ስመለስ በአጥሩ አይቼሻለሁ» አለችኝ።

ለምን አልተናገሩኝም አልኳት።

«ምን ልበልሽ? ምያለሁ። መርዝ መስሎሽ እንደሆነ ከዳቦሽ አወቅኩ።»

ጨርቁ አፋቸውንና ራዲዮኑን የጠረገችበት ነው። አንድ ዶሮዋ ከደጅ የተጣለውን ስትጭር ታማ ስለሞተች እጣቢውንም ከአጥር ውጪ መድፋት፣ ጨርቁንም መቅበር ጀመረች። ዶሮዋ በዚያ ትሙት በሌላ አታውቅም፤ ግን ፈራች። የልብስ ጥቅልሌንም ለምን እንደፈተሸች ደብቃ አልቀረችም። አባዬን ልወስዳቸው የመጣሁ መስሏት፣ ልብሳቸውን ቀድሜ አሽጌ እንደሆነ ልታይ ነው። እኔ እሷን ስጠብቅ እሷም እኔን ስትጠብቅ ነበር።

ጉልበቷን ልይዝ ጎንበስ ስል በክንዴ ይዛ አነሳችኝ። ይማሩኝም አላልኳት፣ ምሬሻለሁም አላለችኝም። ብርጭቆዎቹን ሰጠችኝና ይዘን ወጣን። ሽማግሌዎቹ በኋላ የሚገባውን ተናገሩ፣ መረቁ፣ ተበተኑ። አዲሱም መሸብኝ ብሎ አብሯቸው ሄደ።

ሰኞ

ዛሬ ልሄድ ነው። ዩኒፎርሞቹ እየጠበቁኝ ነው።

ጠዋት ራዲዮኑን ለአባዬ ሰጠኋቸው። በተላጠው ጣታቸው ሳይሆን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ጣቢያውን ራሳቸው ፈለጉ። ዜና ነበር፤ የሚወዱት ነገር አልነበረም፤ ግን እስኪያልቅ ሰሙት። ድምፃቸው ትንሽ ቀለል ብሏል፤ ወይ እኔ ፈልጌው ነው። መዋጥ አላቃታቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት ነርሷ ጋ ተመልሰው ይታያሉ፤ ሆስፒታል ያስፈልጋል ካለችም አልቃወምም ብለው ቃል ገቡልኝ። ማስተማሩን መቼ እንደሚጀምሩ ማንም አላወቀም። አንድ ተማሪያቸው ግን ሰምቶ መጥቶ ደጅ ተቀምጧል።

ይትባረክ ያለኝን ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ነገርኳት፤ ለአባዬም ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ጮክ ብዬ፣ ሁለቱም እየሰሙ። ድንጋዩ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንድ ላይ ይግባ፣ አንድ ላይ ይውጣ። አዲስ ከአሮጌ አይቀላቀል። ራዲዮኑ የማይሰማበት ሰሞን ድንጋዩ ወጥቶ ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ፀሐይ የለም፣ እሳት የለም፣ ጥርስ የለም። ነጭ ነገር ከታየበት በባዶ እጅ እንዳይነካ፤ ከነካም በብዙ ውኃ መታጠብ፣ ዓይንም ከነካ ወዲያው ታጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ። ያለቀውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ እንድታጠራቅምልኝ ጠየቅኳት፤ ይትባረክ ወደ ከተማ ልኬ አስወግደዋለሁ ብሎኛል። ጓሮ አይቀበርም፤ ከብትም ዶሮም አለ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁሉንም ሰማች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ የእጅ ባትሪውም ድንጋይ እንዲሁ ነው ወይ? እንዲሁ ነው አልኳት። ገብታ ከግድግዳው አውርዳ ከፈተችው። አንደኛው ጫፉ ላይ ነጣ ብሎ ነበር። በጨርቅ ይዛ አወጣችው። እኔም ደነገጥኩ፣ እሷም ደነገጠች፤ ተያየን። ልንስቅ ትንሽ ቀረን።

ምሳ አብሬ በላሁ። ከአንድ ትሪ። የአባዬ እጅ ወደ ወጡ ስትሄድ ቀስ ብላ ነበር፤ ማን ከየት እንደሚበላ እየሰሙ ይመስለኛል።

ባጃጁ የሚቆምበት ድረስ ሸኘችኝ። ቦርሳዬን ተሸከመችልኝ፤ እኔ ልያዝ ስላት አልሰጠችኝም። መንገዱን ሙሉ ስለ በርበሬው አወራችኝ፣ ዘንድሮ ዝናብ መጨረሻ ላይ እንዳበላሸው። ባጃጁ ሲመጣ ቦርሳውን ጭና በሩን ያዘች።

«ስትመጪ ቀድመሽ ደውይ» አለችኝ።

እንድትዘጋጅልኝ ይሁን፣ ወይስ ሳትጠራ የምትመጣ ሰው ሆኜባት፣ ከፊቷ ላነብ አልቻልኩም። እሺ እትዬ ጥሩ፣ እደውላለሁ አልኳቸው። በሩን ዘጉት።